የቮልስ ፍሬን ፔዳል ለምን ይወርዳል?

ልደታ ውስጥ በጎረቤታችን ግቢ አንዲት የቆየች ቮልስ ትገኛለች። የዚህ ሞዴል የመጨረሻዋ መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ (አገሩን እንጂ አደባባዩን ማለታችን አይደለም) ከፋብሪካ ወጥታለች፤ በአዲስ አበባ ግን አሮጌዎቹ ዛሬም ይሽከረከራሉ። ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ቮልስ የፍሬን ፔዳል ወለሉን ሊነካ ተቃረበ። አንድ ጋራዥ «ዋናው ፖምፓ ይለወጥ» አለ። ጥፋቱ ግን በሸራውና በታምቡሩ መካከል የሰፋ ክፍተት ነበር።

ታምቡሩ ከጎማው ጋር ይዞራል፤ በውስጡም ሁለት ቅስት ሸራዎች አሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ በፓስካል ሕግ መሠረት ግፊቱን ለአራቱም ጎማዎች ያደርሳል፤ ትንንሽ ፒስተኖችም ሸራዎቹን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃሉ። ሰበቃው መኪናዋን ያቆማል፤ ሸራውንም ቀስ በቀስ ይበላዋል።

እስቲ እናስላ። እያንዳንዱ ሸራ 1 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ መንገድ ይጓዝ እንበል። ሸራዎቹ 8 ናቸው። ለስሌት እንዲቀለን ፒስተኖቹ ሁሉ ከዋናው ፖምፓ ፒስተን ጋር እኩል ስፋት ካላቸው፣ ዋናው ፒስተን 8 ሚሊ ሜትር መግፋት አለበት። ፔዳሉ የእግርን ኃይል 5 ጊዜ የሚያበዛ ማንሻ ቢሆን፣ እግራችን ደግሞ 5 እጥፍ መንገድ ይሄዳል፤ ይኸውም 4 ሳንቲ ሜትር፣ ያውም ፍሬኑ ገና መያዝ ሳይጀምር!

ካቻቢቴ ከማንሳታችን በፊት መኪናዋ እንደቆመች ፔዳሉን ደጋግመን እንርገጥ። በሁለተኛው ርግጫ ከፍ ብሎ ከጠነከረ ችግሩ ክፍተት ነው። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል። ተረግጦ እንደተያዘ ቀስ እያለ ከሰመጠ ግን ዘይት ያመልጣል፤ ያን ጊዜ ሸራ ማስጠጋት ሕመሙን መደበቅ ስለሆነ መኪናዋ መነዳት የለባትም።

ማስተካከሉ በደልዳላ ሥፍራ ይሠራል። መሬት በረገጡት ጎማዎች ሥር ታኮ ይደረግ፤ መኪናዋ በክሪክ ከተነሣች በኋላ በጽኑ ድጋፍ ላይ ትረፍ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሰው ይገድላል። ለኋላ ጎማዎች የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት። ከታምቡሩ ጀርባ ባለው ሳህን፣ በጥንቶቹ ደግሞ በራሱ በታምቡሩ ላይ ባለው ቀዳዳ ሁለት ባለጥርስ ማስተካከያዎች ይታያሉ፤ የሚዞሩትም በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። አንዱን ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል ማጥበቅ፣ ሸራው ቦታውን እንዲይዝ ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ መርገጥ፣ ከዚያም ጎማው በነጻ እስኪዞር ሁለት ሦስት ጥርስ መመለስ ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ካልተመለሰ ሸራው በጉዞ ላይ እየተፋተገ ይግላል። የአሮጌ ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ፈጽሞ አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

የጎረቤታችን ቮልስ ሦስቱ ጎማዎች በአንድ ከሰዓት ተስተካከሉ። የኋላ ቀኙ ማስተካከያ ግን ዝጎ አልንቀሳቀስ አለ፤ ታምቡሩን የሚፈታ መካኒክ እስኪመጣም መኪናዋ ከግቢ አልወጣችም።