ልጄ «መጤ» ማለት ጀመረ

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የሚማረው የ15 ዓመት ልጄ ከወለጋ የተፈናቀሉትን «መጤ» እያለ ይንቃል። እኛ እንዲህ አላስተማርነውም። (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ በቃል አላስተማሩት ይሆናል። ልጅ ግን ከምክራችሁ ይልቅ ቡናችሁ ላይ ማን እንደሚጠራ ያያል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥላቻ የሚቀንሰው ሰዎች በእኩልነት፣ ለአንድ ዓላማ ሲገናኙ መሆኑን ጽፏል። የኋላ ጥናቶች ደግሞ የቅርብ ሰው ከባዳው ጋር መወዳጀቱን ማወቅ ብቻ እንኳ አመለካከትን እንደሚያለዝብ አሳይተዋል። በደብረ ብርሃን ላለው የተፈናቃዮች መጠለያ፣ ለቻይና ካምፕ፣ እህል ማዋጣት ደግ ነው፤ ሰጪና ተቀባይ ግን እኩል አይደሉም። ስለዚህ አንድ ተፈናቃይ ቤተሰብ ለዝክር ይጥሩ፤ ሲጠሩም ይሂዱ፣ ልጁን ይዘው። ከተፈናቃዮቹ መካከል ወላጆቻቸው በ1977ቱ ረሃብ ከወሎ ወደ ወለጋ የሰፈሩ እንዳሉም ይንገሩት። ረሃብን የእናንተው መንዝም ያውቀዋል። «ኑሮ ያስወደዱት እነሱ ናቸው» የሚለው ወሬ ከእርስዎም አፍ ወጥቶ ከሆነ፣ ልጅዎ ፊት ያርሙት።