ገጹ ሲሄድ ዓይን ሲከተል

በአማርኛ ክፍላችን ደጋግመን የታዘብነው ነገር አለ። ልጆቻችን እንግሊዝኛና ስዋሂሊ እንደ ውኃ ያነብባሉ፤ አማርኛ ላይ ሲደርሱ ግን ፊደል በፊደል እየለቀሙ፣ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ደርሰው ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ፊደሉ ጠፍቷቸው አይደለም፤ 231ዱንም ያውቁታል። ናይሮቢ ውስጥ ከሱቅ ምልክት እስከ ማታቱ ድረስ የሚያዩት ጽሑፍ በላቲን ፊደል ስለሆነ ዓይናቸው አልለመደውም።

በቄስ ትምህርት ቤት ተማሪው በስንደዶ እየጠቆመ ያነብ ነበር። ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ፣ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ ሲሸጋገር ስንደዶውም አብሮ ይፈጥናል። ዘንድሮ በኮምፒውተር ክፍል የሞከርነው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ጽሑፉን በማይክሮሶፍት ዎርድ ከፍታችሁ የማውሱን መካከለኛ ጎማ አንዴ ተጫኑ። ምልክት ይወጣል። ከዚያ ማውሱን ትንሽ ወደ ታች ስትስቡት ገጹ በራሱ መውረድ ይጀምራል። ከምልክቱ በራቃችሁ ቁጥር ይፈጥናል፣ በቀረባችሁ ቁጥር ይዘገያል። ለማቆም እንደገና መጫን ነው። አስቀድማችሁ ኮንትሮልን ይዛችሁ ጎማውን በማዞር ፊደሉን አጉሉት፤ «ሰ» እና «ስ» የሚለዩት በትንሽ ጭረት ነውና። የላፕቶፕ መዳሰሻ ብዙ ጊዜ ይህን ስለማይሠራ ጎማ ያለው ማውስ ቢኖር ይሻላል።

የመጀመሪያ ሙከራችን አላማረልንም፤ ጥፋቱም የእኛው ነበር። አፍጥነን ለቀቅነው። ልጆቹ እየሳቁ እስከ መጨረሻው ተከተሉት፤ ምን እንዳነበቡ ስንጠይቃቸው ግን ዝም አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሁለት አድርገን አስቀመጥናቸው፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያነብባል፣ ሌላው ማውሱን ይዞ የጓደኛውን ድምፅ እየሰማ ያዘገያል ወይም ያፈጥናል። ያልጠበቅነው ነገር፣ ማውስ የያዘው ልጅ ከአንባቢው እኩል ጽሑፉን መከታተሉ ነው። ጓደኛው ሲደናቀፍ ቀድሞ ቃሉን የሚነግረው እሱ ሆነ።

ለግጥምና ለፈተና ጥናት ግን አንመክረውም። እዚያ ቆም ብሎ መመለስ ያስፈልጋል።

ውድ ወላጆች፣ እቤት ስትሞክሩት ከአዲስ አበባ አያት የላኩትን ደብዳቤ ወይም አጭር ተረት ምረጡ፤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፕሮግራሞች የተተየበ የቆየ ፋይል ካላችሁ፣ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ሊከፈት ይችላል። እንዲህ ያለውን በፍላሽ አምጡልን፤ ከትልልቆቹ ተማሪዎች ጋር እንደገና እንተይበዋለን።