ልብ ሲመታ፣ ቀልብ ሲገፈፍ፦ ስለ ድንጋጤ በሽታ ልናውቀው የሚገባን

በየከተማችን ማንም ሳያውቅላቸው የሚሰቃዩ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ቁስላቸው አይታይም፣ ትኩሳት የላቸውም፣ ሲያዩዋቸው ጤነኞች ናቸው። ነገር ግን ገበያ መሐል፣ መኪና ውስጥ ወይም ለጁምዓ ሶፍ ላይ ቆመው ሳለ ልባቸው ድንገት እንደ ከበሮ ይመታል፤ ትንፋሻቸው ያጥራል፤ ጣታቸው ይደነዝዛል፤ «አሁን ሞትኩ» ወይም «አሁን አበድኩ» ይላሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነገሩ እንዳልነበረ ሆኖ ያልፋል። ሐኪም ዘንድ ሄደው ልባቸው ሲመረመር «ምንም የለብህም» ይባላሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ ደግሞ አንዱ «ጅን ነው»፣ ሌላው «ዓይን ነው»፣ ሦስተኛው «ኢማንህ ደክሟል» ይላቸዋል። ታማሚው በእነዚህ ሁሉ መሐል ሲንከራተት ዓመታት ያልፋሉ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ሕመም ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

መደንገጥ በራሱ በሽታ አይደለም። ጅብ የመጣበት ሰው ልቡ የሚፈጥነውና ጡንቻው የሚወጠረው ለመሮጥ ወይም ለመከላከል እንዲዘጋጅ ነው። ይህ አላህ በሰውነታችን ውስጥ ያኖረው ጥበቃ ነው። በግቢ እንደሚጠብቅ ውሻ ልንመስለው እንችላለን። ሌባ ሲመጣ የሚጮህ ውሻ ለባለቤቱ ጥቅም ነው። ነፋስ ቅጠል ባንቀሳቀሰ ቁጥር የሚጮህ ከሆነ ግን ቤተሰቡን እንቅልፍ ይነሣል። የድንጋጤ በሽታ ማለትም ይኸው ነው፤ ጥበቃው ሌባ በሌለበት ይጮኻል።

በዚያን ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ የሕክምናው ግማሽ ነው። ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቀቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሰውየው አየር ያነሰው መስሎት በብዛትና በፍጥነት ይተነፍሳል። በዚህም የተነሣ የተቃጠለው አየር ከሚገባው በላይ ከደም ይወጣና ራስን ያዞራል፣ ከንፈርንና ጣትን ይነዝራል። ስለዚህ «አየር አጠረኝ» የሚለው ሰው በእውነቱ ያበዛው መተንፈስን ነው። «ልወድቅ ነው» ብሎም ይፈራል፤ ዳሩ ግን ሰው ራሱን የሚስተው ብዙውን ጊዜ የደም ግፊቱ ሲወርድ ነው። በድንጋጤ ጊዜ ግፊቱ ከፍ ስለሚል ራሱን የሚስት ጥቂት ነው። ድንጋጤው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ሰውነት በራሱ ጊዜ ያበርደዋል።

ይህ ሕመም የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1871 ጃኮብ ዳ ኮስታ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ስለተዋጉ ወታደሮች ጽፏል። ልባቸው እየመታና ደረታቸውን እየወጋቸው ሆስፒታል ይገቡ ነበር፤ ከብዙዎቹ ግን የልብ በሽታ አላገኘባቸውም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ሕመሙን ራሱን ችሎ በመዝገቡ ያሰፈረው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1980 ነው። በ1986 ደግሞ ዴቪድ ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ምሁር ሕመሙ እንዴት እንደሚባባስ አስረዳ። ሰውየው የልቡን መምታት «የሞት ምልክት ነው» ብሎ ይተረጉማል፤ ትርጉሙ ይበልጥ ያስፈራዋል፤ ፍርሃቱ ልቡን ይበልጥ ያስመታዋል። ነገሩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ በራሱ ላይ ይዞራል።

ጉዳቱ ከሽሽቱ ነው

ከአምቦ በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በነቀምቴ መንገድ ላይ የምትገኘውን ጉደርን እናስብ። ለምሳሌ ያህል በዚህች ከተማ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ ዕቃ ሊያመጣ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በሚኒባስ ውስጥ ይህ ድንጋጤ ያዘው እንበል። ጊንጪ ላይ ወርዶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እንደወረደም ቀለል አለው። ትልቁ ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ልቡ «ያዳነኝ መውረዴ ነው» ብሎ ይማራል። በሚቀጥለው ወር ዕቃውን ሌላ ሰው እንዲያመጣለት ይልካል። ቀጥሎ አምቦ መሄድ ያስፈራዋል። ቀጥሎ መስጂድ ሲገባ በሩ አጠገብ ይቆማል፤ ከዚያም ጁምዓ ይቀራል። ከዚያ ከለቅሶና ከሠርግ ይጠፋል። በመጨረሻ ዓለሙ ሱቁና መኝታ ቤቱ ብቻ ይሆናል። ድንጋጤው አንድ ቀንም አልገደለውም፤ ሽሽቱ ግን ሕይወቱን ጥቂት በጥቂት ወሰደበት።

በዚህ አካባቢ ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ስለሆነ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። አንድ ሰው ከሶፍ ሲጎድል ወዲያው ይታያል፤ ወሬውም ይከተላል። ስለዚህ ታማሚው ሕመሙን ይደብቃል፤ በመደበቁም ሕመሙ ይበረታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የምዕራብ ሸዋ ሕዝብ እውነተኛ ፍርሃትንም ያውቃል። በ2006 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በአምቦና በአካባቢዋ በተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት አልፏል። የአምቦ ተወላጁ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተገድሎ ሰኔ 25 በአምቦ ሲቀበር አገሩ ሁሉ በሐዘንና በሥጋት ውስጥ ነበር። የተኩስ ድምፅ በሚሰማበት ቀን ከቤት አለመውጣት ጥንቃቄ እንጂ በሽታ አይደለም። በሽታ የሚሆነው መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን፣ ሌላው ሰው ሁሉ በሚሄድበት ሰዓት፣ አካላችን እንደዚያ ክፉ ቀን ሲጮህ ነው። በክፉ ቀን የደነገጠ ሰው አካሉ ጩኸቱን ለረዥም ጊዜ ሊይዘው ይችላል። ይህም ሊያሳፍረው አይገባም።

የኢማን ማነስ ነውን?

ታማሚውን ከሕመሙ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ንግግር ነው። ቁርኣን የነቢያትን ታሪክ ሲነግረን መደንገጣቸውን አልደበቀም። ሙሳ (ዐ.ሰ) በትራቸው እንደ እባብ ስትንቀሳቀስ ባዩ ጊዜ ወደ ኋላቸው ሸሽተዋል። የእናታቸውም ልብ ልጃቸውን በወንዝ ከጣሉ በኋላ ባዶ ሆኖ ነበር። ያዕቆብ (ዐ.ሰ) ከሐዘን ብዛት ዓይናቸው ጠፍቷል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ከጭንቀትና ከትካዜ በአላህ ይጠበቁ እንደነበር በሐዲስ ተላልፏል። እነዚህ ሁሉ የድንጋጤ በሽታ ነበረባቸው ማለታችን አይደለም፤ አላህ ይጠብቀን። ማለት የፈለግነው ፍርሃትና ጭንቀት በልብ መግባታቸው ብቻውን የኢማን መጉደል ማስረጃ አለመሆኑን ነው።

ሙስሊም ሊቃውንትም ይህን ቀድመው አውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ934 የሞቱት አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተባለው መጽሐፋቸው አንዱን ክፍል ለአካል ጤና፣ ሌላውን ክፍል ለነፍስ ጤና ሰጥተዋል። በነፍስ ክፍል ቁጣን፣ ፍርሃትንና ድንጋጤን፣ ሐዘንን እንዲሁም ወስዋስን ለየብቻ አስተምረዋል። ሰው ጤነኛ ሳለ የሚያረጋጋ ሐሳብ እንደ መድኃኒት አዘጋጅቶ እንዲያስቀምጥ፣ የሚፈራውንም ነገር በተደጋጋሚ እያየና እየሰማ እንዲለማመደው መክረዋል። ይህን የነፍስ ክፍል በእ.ኤ.አ. 2021 የሞቱት ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ማሊክ በድሪ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውታል።

ታዲያ ሩቅያና ዱዓ ይቅሩ እንላለንን? አንልም። ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ ለሙስሊም ኃይሉ ነው። ነገር ግን ሩቅያ ነኝ ብሎ ታማሚን የሚደበድብ፣ አንገት የሚያንቅ፣ የሐኪም መድኃኒት የሚያስጥል ሰው ካለ ከእርሱ መራቅ ይገባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዝዘዋል፤ ግመልን አስሮ በአላህ መመካትንም አስተምረዋል። ወደ ሐኪም መሄድ ግመሉን ማሰር ነው።

ምን እናድርግ?

1ኛ. በመጀመሪያ መመርመር። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ፣ ደም ሲያንስ፣ አስም ሲኖር ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ተመሳሳይ ምልክት ይታያል። በተለይ ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ደረቱን አጥብቆ ከያዘው፣ ሕመሙም ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው ከተዛመተ፣ ድንጋጤ ነው ብሎ ሳይቆይ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። አንድ ጊዜ በሚገባ ከተመረመረ በኋላ ግን በየሳምንቱ ልብን ማስመርመር ራሱ ሌላ ሽሽት ነው።

2ኛ. ድንጋጤው ሲመጣ አለመሸሽ። «ይህ ድንጋጤ ነው፤ አውቀዋለሁ፤ ያልፋል» ብሎ በስሙ መጥራት። ባሉበት መቆየት። አየር ከመሳብ ይልቅ ቀስ ብሎ ማስወጣት ላይ ማተኮር። ዚክር የሚያደርግ ሰው አጭር ዚክሩን በረዥሙ ከሚወጣ ትንፋሽ ጋር ያስተካክል፤ አያጣድፈው። ከዚያም ይሠራው የነበረውን ይቀጥል።

3ኛ. የተሸሸበትን ቦታ በደረጃ መመለስ። በምሳሌ ያነሣነው ነጋዴ መጀመሪያ በመናኸሪያ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ይቀመጥ። ሲለምደው ከወዳጁ ጋር እስከ አምቦ ይሂድ፤ ቀጥሎም ብቻውን። ከዚያ እስከ ጊንጪ፣ እስከ ሆለታ፣ በመጨረሻም እስከ አዲስ አበባ። በእያንዳንዱ ደረጃ ፍርሃቱ እስኪበርድ ድረስ መቆየት እንጂ ፍርሃቱ ከጫፍ ሲደርስ መውረድ የለበትም። በመስጂድም እንዲሁ፤ ሰው በሚያንስበት የዙህር ሶላት ይጀምር፣ ከኋላ ሶፍ ወደ መሐል ይጠጋ፣ ከዚያ ጁምዓ ይመለስ። መቆም ካቃተው ይቀመጥ፤ ሸሪዓው ለታመመ ሰው አቅልሎለታል። የምንመስለው ውሻ በዱላ ዝም አይልም፤ ነፋሱን ሲለምድ ዝም ይላል።

4ኛ. ጫትንና ቡናን መመርመር። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ነው፤ ልብን ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ጭንቀቱን ለመርሳት የሚቅም ሰው እሳትን በጋዝ እንደሚያጠፋ ነው። ቡናም እስከ በረካ ድረስ ሲጠጣ በእነዚህ ሰዎች ላይ ድንጋጤ ሊያስነሣ ይችላል። ቡናውን መቀነስ ከጎረቤት መራቅ አይደለም፤ ከጀበናው ዙሪያ ተቀምጦ አቦሉን ብቻ መጠጣትም ይቻላል።

5ኛ. መድኃኒት ከታዘዘ በሥርዓት መውሰድ። ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊንን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱን ትንሽ ሊያብሱም ይችላሉ። «አልሠራልኝም» ብሎ በሳምንቱ መጣል፣ ወይም «ተሻለኝ» ብሎ በድንገት ማቆም ትክክል አይደለም። ዲያዜፓም የተባለው ግን ፈጥኖ ስለሚያረጋጋ ሱስ ይሆናል፤ ያለ ሐኪም ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መዋጥ አደገኛ ነው።

ሕክምናው የት ነው?

ለብዙ ዓመታት በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ሲባል የሚታወቀው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር። ሰውም «አማኑኤል ገባ» መባልን ስለሚፈራ ሕመሙን ይዞ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሰማንያዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየሠለጠኑ ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ተመድበዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀምሯል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው አገራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም አገልግሎቱ ከጤና ጣቢያዎች ጋር እንዲቀናጅ አልሟል። የጉደር ሰው መጀመሪያ በቅርቡ ያለውን ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎም የአምቦን ሆስፒታሎች «የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ አላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። የልብ ምርመራ ውጤት ይዞ «ምንም የለብህም» ቢባል «ልቤ ደኅና ከሆነ ይህ ድንጋጤ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ለቤተሰብ፣ ለኢማሞችና ለጎረቤት

ይህ ሕመም በሴቶች ላይ ከወንዶች እጥፍ ያህል ይበዛል። ብዙዎቹ እኅቶች «ዛር ነው» ወይም «ሰበብ ፈልጋ ነው» እየተባሉ ይኖራሉ። እንዴት እንደምንይዛቸው ከእናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) እንማር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመጀመሪያው ወሕይ ከወረደላቸው በኋላ እየተንቀጠቀጡ ወደ ቤት ሲመለሱ ኸዲጃ አልገሠጿቸውም። ሸፈኗቸው፤ ፍርሃታቸው እስኪበርድ ጠበቁ፤ መልካም ሥራቸውን እያነሡ አጽናኗቸው፤ ከዚያም ዕውቀት ወዳለው ወደ ወረቃ ወሰዷቸው። ከዚህ ሦስት ነገር እናገኛለን፦ ማቀፍ፣ ማጽናናት፣ ወደሚያውቅ ሰው መውሰድ። ሦስተኛው ሲቀር ማጽናናቱ ሳይሟላ ይቀራል፤ ሁለቱ ሲቀሩ ደግሞ ታማሚው ወደሚያውቅ ሰው ለመሄድ ድፍረት አያገኝም።

የመስጂድ ኢማሞች በአንድ ኹጥባ ስለዚህ ሕመም ቢናገሩ፣ በኋላ ሶፍ በሩ አጠገብ የቆመው ሰው ብቻውን አለመሆኑን ያውቃል። ጎረቤትም «ለምን ጠፋህ?» ብሎ ከመውቀስ «ነገ አብረን እንሂድ» ቢለው ከብዙ ምክር ይበልጥ ይረዳዋል።

ቀልብ በዐረብኛ ልብ ማለት ነው፤ በአማርኛም የደነገጠ ሰው «ቀልቤ ተገፈፈ» ይላል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪውም «ቀልቢ» ሲል ልቦናውን ማለቱ ነው። በሦስቱም ቋንቋ የተገፈፈ ቀልብ ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን ሰውየው ወደሸሸበት ቦታ አንድ እርምጃ ሲራመድ፣ ወንድሙም ከጎኑ ሲራመድ ነው። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጣቸው፤ ለእኛም የሰውን ሕመም የምናውቅበትን ልብ ይስጠን። ወላሁ አዕለም።