ከሩቅ የተገዛ ዕቃ ሲዘገይ፦ የመካነ ሰላም ገዥ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ያለው መብትና የማስጠንቀቂያ ሚና

አጠቃሎ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች የሚኖር ገዥ ከአዲስ አበባ ሻጭ በስልክ ወይም በቴሌግራም ዕቃ መርጦ፣ ዋጋውን አስቀድሞ ልኮ፣ ዕቃውን በአውቶቡስ ሲጠባበቅ የመዘግየት ስጋት ይገጥመዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ገዥው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ያለውን መብት መመርመር ነው። ዘዴው የሕግ ድንጋጌዎችን ከአካባቢው የግብይት ልማድ ጋር አገናዝቦ መተንተን ነው። ጽሑፉ የሚደርስበት ድምዳሜ የገዥው መብት በሦስት ከክፍያ በፊት በሚቆረጡ ነገሮች፣ ማለትም በቀን፣ በቦታና በክፍያው ስያሜ፣ እንዲሁም ከመዘግየቱ በኋላ በሚሰጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላይ እንደሚመሠረት ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ርክክብ፣ መዘግየት፣ ማስጠንቀቂያ፣ ቀብድ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል

1. መግቢያ

በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል በኢንተርኔት የሚደረግ ሽያጭ በዓለም የተስፋፋው በጨረታ መልክ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኢቤይ ለዚህ ቀዳሚ ምሳሌ ነው። እንዲህ ባለው ግብይት ገንዘቡ ቀድሞ ይሄዳል፤ ዕቃው ተከትሎ ይመጣል። በመካከል ያለውን የመተማመን ክፍተት ለመሙላት በቻይና አሊፔይ ገዥው ዕቃውን መረከቡን እስኪያረጋግጥ ድረስ ገንዘቡን በአደራ የሚያቆይ ሥርዓት ዘረጋ። ኢቤይም ዕቃው ያልደረሰው ገዥ ገንዘቡን የሚያስመልስበትን ደንብ አወጣ።

በመካነ ሰላም የሚታየው ግብይት ተመሳሳይ ክፍተት አለው፤ አደራ ያዡ ግን የለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ከመካነ ሰላም መርካቶ የሚደርሰው በቅጽበት ነው። ዕቃው ግን በመኪና አዲስ አበባን ከደሴ የሚያገናኘውን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ተጉዞ፣ ከዚያ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ ይቀጥላል። በጥቅሉ ላይ የሚጻፈው የመንገድና የቤት ቁጥር ሳይሆን የተቀባዩ ስምና ስልክ ነው። ዕቃው ሲዘገይ ሻጩ ሹፌሩን፣ ሹፌሩ መንገዱን ይወቅሳል። ገዥው ማንን፣ መቼና በምን ቃል መጠየቅ እንዳለበት የሚወስነው የውል ሕጉ ነው።

ትንተናውን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ ይታሰብ። በመካነ ሰላም የምትሠራ ልብስ ሰፊ ለተማሪዎች የደንብ ልብስ የሚሆን 100 ሜትር ጨርቅ በነሐሴ 10 ቀን ከአዲስ አበባ ነጋዴ ትገዛለች፤ ሙሉ ዋጋውንም ትልካለች። ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በመስከረም ነው። ጨርቁ በጥቅምት ቢደርስ ለእርሷ ካልደረሰ አይሻልም፤ ወላጆች ሌላ ሰፊ ዘንድ ሄደዋልና።

2. ከክፍያ በፊት የሚቆረጡ ሦስት ነገሮች

2.1 ቀን። «ቶሎ እልካለሁ» የሚል ቃል ሻጩ የዘገየው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለማስረዳት አያስችልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1773 ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ የሚችለው የግዴታው መፈጸሚያ ጊዜ ከደረሰ በኋላ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ቀን ያልተቆረጠለት ውል ገዥውን ገና ከመነሻው ያዳክመዋል። በአንጻሩ ዕቃው ከተወሰነ ቀን በኋላ እንደማይፈለግ በውሉ በግልጽ ከሰፈረ፣ በአንቀጽ 1775 መሠረት ቀኑ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንኳ አያስፈልግም። ልብስ ሰፊዋ «ጨርቁ እስከ ነሐሴ 30 ቀን ካልደረሰ አልቀበልም» ብላ ብትጽፍና ነጋዴው ቢስማማ ውሉን በዚህ ድንጋጌ ሥር ታስገባዋለች።

2.2 ቦታ። ሻጩ ግዴታውን የሚጨርሰው ጥቅሉን አዲስ አበባ ለአውቶቡስ ረዳት ሲሰጥ ነው ወይስ ዕቃው መካነ ሰላም መነኸሪያ ሲደርስ? ይህ ካልተገለጸ በመንገድ ላይ ለሚፈጠረው መዘግየት ኃላፊው ማን እንደሆነ ራሱ የክርክር ጭብጥ ይሆናል። «ርክክቡ የሚፈጸመው መካነ ሰላም ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ጭብጥ ያስቀራል። የርክክቡ ቦታ ክስ የሚቀርብበትን ሥፍራ ለመወሰንም ይጠቅማል፤ በውል ላይ የተመሠረተ ክስ ውሉ በሚፈጸምበት ቦታ ሊቀርብ ይችላልና። ገዥና ሻጭ በተለያየ ክልል ነዋሪ በመሆናቸው ጉዳዩ የፌዴራል ቢባል እንኳ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን በውክልና ስለሚሠራበት ገዥው የግድ አዲስ አበባ መውረድ አይጠበቅበትም።

2.3 የክፍያው ስያሜ። በንግድ ልማድ በቅድሚያ የሚሰጥ ገንዘብ ሁሉ «ቀብድ» ይባላል። በሕጉ ግን ቀብድ የራሱ ውጤት አለው። በአንቀጽ 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በአንቀጽ 1885 መሠረት ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቅቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ የተቀበለውም ወገን እጥፉን መልሶ ሊያፈርስ ይችላል። ይህ በሁለት በኩል የተሳለ ቢላ ነው። ዋጋ በመጨመሩ ዕቃውን ለሌላ የሸጠ ነጋዴ እጥፍ እንዲከፍል ሊጠየቅበት ይችላል። በአንጻሩ ሻጩ መዘግየቱ በአግባቡ ሳይረጋገጥ ተስፋ ቆርጣ «ተወው» ያለች ገዥ ውሉን በራሷ ፈቃድ እንዳፈረሰች ተቆጥሮ ቀብዷን ልታጣ ትችላለች። ስለዚህ የተላከው ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ የዋጋው ቅድመ ክፍያ የሚለው በጽሑፍ መለየት አለበት።

3. ማስጠንቀቂያ

ብዙ ገዥዎች በመዘግየቱ ብቻ መብታቸው የተከፈተ ይመስላቸዋል። አንቀጽ 1772 ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ አንዱ ወገን ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ለመከራከር በቅድሚያ ሌላው ወገን ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ አለበት። በየቀኑ ደውሎ «ምነው ዘገየ?» ማለትና የሻጩን «ነገ ይደርሳል» መስማት ለማስረጃነት ደካማ ነው። በአንቀጽ 1774 መሠረት ገዥው በማስጠንቀቂያው ውስጥ ተገቢ የሆነ የመጨረሻ ጊዜ ሊቆርጥ፣ ከዚያ በኋላ ዕቃውን እንደማይቀበል ሊያስታውቅ ይችላል። ጊዜው ሲያልፍ በአንቀጽ 1787 መሠረት ውሉን ራሱ የማፍረስ መብት ያገኛል። ውሉ ሲፈርስም ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደነበሩበት እንዲመለሱ አንቀጽ 1815 ያዛል፤ ይህም ለገዥው የከፈለው ገንዘብ መመለስ ማለት ነው።

በምሳሌው የመጨረሻውን ቀን የሚመለከተው ዓረፍተ ነገር በውሉ ባይገባ፣ የልብስ ሰፊዋ ማስጠንቀቂያ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በነሐሴ 10 ቀን በተስማማነው መሠረት 100 ሜትር ጨርቅ እስከ ነሐሴ 30 ቀን መካነ ሰላም መነኸሪያ መድረስ ነበረበት። እስከ ዛሬ ጳጉሜን 1 ቀን አልደረሰም። እስከ ጳጉሜን 5 ቀን ካልደረሰ ዕቃውን አልቀበልም፤ ውሉን አፍርሼ የላክሁት ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።»

ጽሑፉ በቴሌግራም ወይም በአጭር የስልክ መልእክት ቢላክ በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ውድቅ አይሆንም፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለእንዲህ ዓይነት መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ሆኖም በቴሌግራም የተላከ መልእክት በላኪው ከሁለቱም ስልክ ሊሰረዝ ስለሚችል የውይይቱን ምስል ማስቀረት ያሻል። የገንዘብ ማስተላለፊያው ደረሰኝም ሊጠፋ አይገባም፤ የሻጩ የንግድ ገጽ የሚታወቀው በቅጽል ስም ሊሆን ስለሚችል የሒሳቡን ባለቤት ስም የሚያሳየው ደረሰኙ ነው።

4. ሻጩ የሚያነሣቸው ምክንያቶች

«መንገድ ተዘግቶ ነው» የሚለው መልስ በአካባቢው ባዶ ሰበብ አይደለም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዋና መንገድ ተቋርጧል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያም በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ገዥና ሻጭ መልእክት መለዋወጥ እንኳ ተስኗቸዋል። አንቀጽ 1793 የእርስ በርስ ጦርነትን ከአቅም በላይ ከሆኑ ምክንያቶች ጋር ይዘረዝራል። ዋናው መለኪያ ግን በአንቀጽ 1792 የሰፈረው ነው፤ ምክንያቱ ባለዕዳው በተለመደ አስተሳሰብ ሊገምተው ያልቻለና ግዴታውን ከመፈጸም ፈጽሞ የሚያግደው መሆን አለበት። መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ቃል የገባ ሻጭ ይህን ሊያነሣ ይችላል። መንገዱ መዘጋቱን እያወቀ ቀን የቆረጠና ገንዘብ የተቀበለ ሻጭ ግን አልገመትሁም ሊል አይችልም። የክረምት ጭቃም በየዓመቱ የሚመጣ በመሆኑ የሚገመት ነው።

ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ሻጩን ከካሳ ነጻ ያወጣዋል እንጂ ላላስረከበው ዕቃ የተቀበለውን ገንዘብ አያስቀርለትም። የዋጋ መጨመርም እንዲህ ያለ ምክንያት አይሆንም፤ አንቀጽ 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናርን ከዚህ ክልል ውጭ አድርጎታል። «ጨርቁ ስለተወደደ ልዩነቱን ጨምሪ» የሚል ሻጭ በሕጉ ፊት ምክንያት አላቀረበም።

5. ካሳና ወሰኑ

ገንዘቡ ቢመለስም ልብስ ሰፊዋ የመስከረምን ሥራ አጥታለች። ካሳው በመደበኛው የሚለካው በአንቀጽ 1799 መሠረት ውሉ ባለመፈጸሙ ይደርሳል ተብሎ በሚገመተው ጉዳት ልክ ነው። ከዚህ የበለጠ ጉዳት በአንቀጽ 1801 የሚካሰው ሻጩ ልዩ ሁኔታውን ውሉ ሲደረግ እንዲያውቅ ተደርጎ ከነበረ ነው። «ጨርቁ ለትምህርት መክፈቻ የታዘዘ የደንብ ልብስ ነው» የሚለው መልእክት ዋጋ የሚኖረው ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ከተጻፈ ብቻ ነው። በአንቀጽ 1802 ደግሞ ገዥው ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ አለበት። ተመሳሳይ ጨርቅ ያለ ብዙ ወጪና ችግር ደሴ ወይም እዚያው መካነ ሰላም ማግኘት እየቻለች እጇን አጣጥፋ የጠበቀች ገዥ ሙሉ ካሳ ልታገኝ አትችልም።

6. መደምደሚያ

የአነስተኛ ግዢ ገንዘብ ለክስ ከሚወጣው ወጪና ጊዜ ሊያንስ ስለሚችል ብዙው አለመግባባት በሽምግልና ወይም በምሬት ያልቃል። ቢሆንም የተቆረጠ ቀን፣ የተገለጸ ቦታ፣ በስሙ የተጠራ ክፍያና የተጻፈ ማስጠንቀቂያ በሽማግሌ ፊትም እንደ ፍርድ ቤት ሁሉ ይመዝናሉ። አሁን በአካባቢው ገንዘቡን በአደራ የሚይዝ የለም። የመነኸሪያ ማኅበራት፣ የቁጠባና ብድር ተቋማት ወይም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ዕቃው እስኪደርስ ክፍያውን የሚያቆዩበት አሠራር ቢዘረጋ አብዛኛው ክርክር ከመነሻው ይቀራል። ያ እስኪሆን ድረስ ገዥው አደራ የሚጥልበት ውሉን ነው፤ ውሉም የሚጻፈው ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ነው።