ከተሜው ሲበዛ የሚያንሱ ከተሞች

«አገሪቱ በፍጥነት ወደ ከተሜነት እየተቀየረች ነው» የሚል ዜና ስንሰማ ብዙዎቻችን የሚታየን ሁሉም ከተማ ሲሰፋ ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ሰው ወደ ከተማ በሚጎርፍበት በዚያው ዘመን ነዋሪ የሚሸሻቸው ከተሞች አሉ። ለዚህ ከቻይና የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2010 ቆጠራ ከቻይና ሕዝብ ግማሽ ያህሉ በከተማ ይኖር ነበር፤ በ2020 ወደ 64 በመቶ ደረሰ። በደቡብ ያለችው ሼንዠን በእነዚህ አሥር ዓመታት ከ10 ሚሊዮን ተነስታ 17 ሚሊዮን ተኩል ገባች። በሰሜን ምሥራቅ፣ በሩሲያ ድንበር በኩል ያለችው ዪቹን ደግሞ ከ1,148,126 ወደ 878,881 ወረደች። ከአራት ነዋሪዋ አንዱ ገደማ የለም ማለት ነው። ጎረቤቷ ሄጋንግም ከ1,058,665 ወደ 891,271 ዝቅ ብላለች።

ለመሆኑ ሰዉ ምን ነካው? ዪቹን በደን የቆመች ከተማ ናት። ሥራው ዛፍ መቁረጥና እንጨት መሰንጠቅ ነበር፤ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሐኪም ቤቱም የሚገኘው በመንግሥት የደን ድርጅቶች በኩል ነበር። ደኑ ሲመናመን ቆረጣው እየተገደበ መጣና በ2013 ለንግድ መቁረጥ ጨርሶ ቆመ። እርምጃው ለደኑ ተገቢ ነበር፤ ግን መጋዝ ይዞ ያደገ ሰው በማግስቱ ምን ይሥራ? ሄጋንግን ያቆማት ደግሞ የድንጋይ ከሰል ነው። በዚያ ላይ በ1990ዎቹ መጨረሻ የመንግሥት ፋብሪካዎች ሠራተኛ በብዛት ሲቀንሱ ክፉኛ ከተመቱት አካባቢዎች አንዱ ይኸው ሰሜን ምሥራቅ ነበር። ወጣቱ ወደ ደቡብ ሄደ፤ የሚወለደውም ሕፃን ጥቂት ሆነ።

በምዕራብ፣ በጋንሱ ክፍለ ሀገር፣ ዩመን የምትባል የነዳጅ ከተማ አለች። የመጀመሪያው ጉድጓድ ዘይት የሰጠው በ1939 ነው። ዘይቱ እየቀነሰ ሲሄድ በ2003 የከተማው አስተዳደር ራሱ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። አስተዳደሩ ጥሎት የሚሄድ ከተማ አስቡት እንግዲህ!

ግን የማዕድን ከተሞች ብቻ አይደሉም። በመሀል አገር ያሉ ትናንሽ ከተሞችም ልጆቻቸውን ለትልልቆቹ ይገብራሉ። እኔ እንደገባኝ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፦ መኮማተሩ የከተሜነት ተቃራኒ አይደለም፤ የዚያው ጉዞ ሌላኛው ጫፍ ነው። ሼንዠንን የሞላው ሰው ከገጠር ብቻ አልመጣም።

እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ሰዎች ልንጠነቀቅበት የሚገባው ነገር ቁጥሩ ነው። በቻይና «ከተማ» የሚባለው የአስተዳደር ክልል የገጠር መንደሮችንም ስለሚያጠቃልል የቀነሰው ከተሜው ነው ወይስ ገበሬው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሌላው «ሁኮው» የሚሉት የነዋሪነት መዝገብ ነው። ሼንዠን ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ልጅ መዝገቡ ትውልድ ከተማው ሊቀር ይችላል፤ በመዝገብ ስትታይ ሙሉ የሆነች ከተማ በአካል ስትቆጠር ጎደሎ ትሆናለች። ደግሞ «የሙት ከተማ» የሚለው ርዕስ አለ፣ ሪፖርተር ሁሉ የሚወደው። በኦርዶስ ካንግባሺ የሚባለው አዲስ ክፍለ ከተማ በዚህ ስም ዓለም ሁሉ አወራለት። እሱ ግን ሰው የሸሸው ሳይሆን ሰው ሳይመጣ ቀድሞ የተሠራ ነበር። እንዲያውም ኦርዶስ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ከ1.94 ሚሊዮን ወደ 2.15 ሚሊዮን አድጓል።

ሰው ሲሄድ ከተማው አብሮት አይሄድም እኮ! ያ አካባቢ በክረምት እጅግ ይበርዳል፤ ቤቶች የሚሞቁት ከማዕከል በቱቦ በሚመጣ ሙቀት ነው። ሕንፃው ውስጥ አሥር ቤተሰብ ቀረ ተብሎ ቱቦው አያጥርም። አውቶቡሱም፣ ውኃውም፣ ትምህርት ቤቱም እንዲሁ። ወጪው እዚያው ነው፤ ከፋዩ ግን ቀንሷል። የሚቀሩት ደግሞ በአብዛኛው ጡረተኞች ናቸው።

ብዙ ከተሞች ነዋሪ እየቀነሰባቸውም ፕላናቸውን በዕድገት ላይ ማውጣት ቀጥለው ነበር። ማን ከንቲባ «ከተማዬ እየከሳች ነው» ብሎ በጀት ይጠይቃል! በ2019 ግን የቻይና ብሔራዊ የልማትና ተሐድሶ ኮሚሽን በዓመታዊ የከተሜነት ሰነዱ ላይ «የሚኮማተሩ» ከተሞችን በግልጽ ጠቅሶ መስፋፋቱን ትተው ነዋሪውንና አገልግሎቱን ወደ መሀል እንዲሰበስቡ አሳሰበ። በዚያው ዓመት ዪቹን 15 የነበሩትን ክፍለ ከተሞቿን ወደ 4 አጠፈች፤ የቀሩት አካባቢዎች ወደ ወረዳነት ተቀየሩ።

ሄጋንግ በበኩሏ በ2019 በርካሽ ቤቶቿ ታወቀች። በጥቂት አሥር ሺህ ዩዋን አፓርታማ ይገኛል ተባለና በትልልቅ ከተሞች ቤት መግዛት ያቃታቸው ወጣቶች ከሩቅ ክፍለ ሀገር እየመጡ ገዙ። በታኅሣሥ 2021 ግን አስተዳደሩ በገንዘብ ችግር ምክንያት ሊቀጥር ያሰባቸውን ሠራተኞች ቅጥር መሰረዙን አስታወቀ።