ስለ ከዋክብት ትቢያና ስለ አንዲት ሊቅ ትዕግሥት

ትቢያ በሰው ዘንድ የተናቀ ነገር ነው። ነገር ግን የሥነ ፈለክ ሊቃውንት፥ የምንረግጣት ምድር ራሷ በፀሓይ ዙሪያ ይዞር ከነበረ ጋዝና ትቢያ ተሰብስባ እንደ ተሠራች ያስተምራሉ። ይህ የሆነው ከ4,500,000,000 ዓመት ገደማ በፊት ስለ ሆነ፥ በዓይኑ ያየው ሰው የለም። ታዲያ በምን ይታወቃል? ሽማግሌ ሰው የራሱን ሕፃንነት ባያስታውስ፥ የጎረቤቱን ሕፃን አይቶ ይረዳዋል። ሊቃውንቱም እንዲሁ ገና ወጣት የሆኑትን ከዋክብት በመመልከት የምድርን ልደት ይመረምራሉ።

ከነዚህ ወጣት ከዋክብት አንዱ ቤታ ፒክቶሪስ ይባላል። ከእኛ የሚርቀው ብርሃን በ63 ዓመት የሚሄደውን መንገድ ያህል ነው። ዕድሜው 20,000,000 ዓመት ገደማ ሲሆን፥ ይህ ለሰው ብዙ ቢመስልም ለኮከብ የሕፃንነት ዘመን ነው።

በ1983 በአውሮጳውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ኢራስ የተባለች ሰው ሠራሽ ጨረቃ፥ በዓይን የማይታየውን የሙቀት ብርሃን ስትለካ፥ ከዚህ ኮከብ ዘንድ ከኮከቡ ብቻ ሊመጣ ከሚገባው የበለጠ ሙቀት አገኘች። በ1984 ብራድፎርድ ስሚዝና ሪቻርድ ቴሪል የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በቺሌ አገር፥ በላስ ካምፓናስ ሆነው ተመለከቱት። ፀሓይ የወጋችው ሰው መዳፉን ከዓይኑ ፊት እንደሚጋርድ፥ የኮከቡን ብርሃን በትንሽ መጋረጃ ቢሸፍኑት፥ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ የትቢያ ክበብ በኮከቡ ዙሪያ በጎኑ ታያቸው።

በ1962 የተወለዱት ፈረንሳዊት ሊቅ አን ማሪ ላግራንዥ ገና በወጣትነታቸው፥ በ1980ዎቹ ዓመታት፥ ይህን ኮከብ የጥናታቸው ርእስ አደረጉ። ከባልደረቦቻቸውም ጋራ፥ ጅራታም ኮከብን የሚመስሉ አካላት ወደ ቤታ ፒክቶሪስ እንደሚወድቁ የሚያስረዳ ምልክት አገኙ። ከዚያ በኋላ በግሬኖብል ከተማ ለብዙ ዓመታት በምርምር ሥራ ጸኑ።

የትቢያው ክበብ በውስጥ በኩል ትንሽ ጎበጥ ያለ ነበረ። በ1997 ሊቂቱና ባልደረቦቻቸው ይህነን በስሌት መርምረው፥ ያልታየ ፕላኔት ክበቡን ሊያጎብጠው እንደሚችል አስረዱ። በወንዝ ውስጥ የተሰወረ ድንጋይ ራሱ ባይታይ፥ በላዩ የሚያልፈው ውኃ በመናወጡ ይታወቃልና።

በ2003 በቺሌ፥ በፓራናል ተራራ ላይ፥ የመስታወቱ ስፋት 8.2 ሜትር በሆነ ታላቅ ቴሌስኮፕ ኮከቡ ፎቶግራፍ ተነሣ። በ2008 ሥዕሎቹ እንደ ገና በተሻለ ዘዴ ሲመረመሩ፥ በኮከቡ አጠገብ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ተገኘች። ነገር ግን ነጥቢቱ ፕላኔት ናትን? ወይስ በስተኋላ ያለች፥ በአጋጣሚ የታየች ሌላ ኮከብ? ሊቂቱና ባልደረቦቻቸው ፕላኔት ሳትሆን እንዳልቀረች ተናገሩ፤ ፈጽሞ ተረጋግጧል ግን አላሉም። በ2009 መጀመሪያ ቢፈልጓትም አላገኟትም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ነጥቢቱ ከኮከቡ በሌላው ወገን ታየች። ኮከቡን የምትዞር ፕላኔት መሆንዋም በዚህ ተረጋገጠ፤ ነገሩም በ2010 ታትሞ ወጣ። ክብደቷ የጁፒተር 10 እጥፍ ያህል ነው፤ ኮከቧንም አንድ ጊዜ ለመዞር ከ20 ዓመት በላይ ይፈጅባታል።

ሊቂቱ በ2013 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኑ። በ2019ም እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው፥ ከ10 ዓመት በላይ የተሰበሰበውን የኮከቡን ብርሃን መርምረው፥ ሁለተኛ ፕላኔት መኖሩን አስታወቁ።

መምህራን ሆይ! ከዚህ ታሪክ ልብ ልትሉት የሚገባው፥ ነጥቢቱ በጠፋችበት ጊዜ የተደረገው ነው። ሊቃውንቱ አላፈሩም፥ ተስፋም አልቆረጡም፤ አላገኘንም ብለው አመኑ፥ ዳግመኛም ፈለጉ። እንግዲህ ተማሪ «እንዲህ ይመስለኛል፥ ነገር ግን ገና አላረጋገጥሁም» ቢል፥ ስለ ድፍረቱም ስለ ጥንቃቄውም ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም።

ቤታ ፒክቶሪስ በአገራችን ሰማይ ይታያል። በጥር ወር መጨረሻ፥ ከምሽቱ በ3 ሰዓት ገደማ፥ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ተማሪዎችን ወደ ደቡብ አዙሯቸው። ከአድማስ እስከ ራስ አናት ካለው ሲሶ ያህል ከፍ ብሎ፥ ካኖፐስ የሚባለው እጅግ ብሩህ ኮከብ ይታያል። እጅን ዘርግቶ ከካኖፐስ ወደ ቀኝ አራት ጣት ያህል ቢለኩ፥ ደብዘዝ ያለው ቤታ ፒክቶሪስ ይገኛል።

ጥያቄዎች።
1. ሊቃውንቱ የኮከቡን ብርሃን ስለ ምን ሸፈኑት?
2. የክበቡ መጉበጥ ምን አመለከተ?
3. ነጥቢቱ ፕላኔት መሆንዋ በምን ተረጋገጠ?