ስለ ፍቺና ስለ ልጆች አስተዳደግ

ባልና ሚስት ተጣልተው የመለያየታቸው ነገር ቁርጥ ሲሆን ሽማግሎች ተሰብስበው ንብረት ያካፍላሉ። አልጋው ለማን፣ ቁም ሣጥኑ ለማን፣ ቤቱ ስንት ይገመታል፣ የዕቁቡስ ገንዘብ ለማን ይድረስ የሚለው ሁሉ አንድ በአንድ ተቆጥሮ በወረቀት ይሰፍራል፤ ምስክርም ይፈርምበታል። ስለ ልጆቹ የሚባለው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ከእናታቸው ጋር ይሁኑ፣ አባትም እየመጣ ይያቸው» ይባልና ይታለፋል። መቼ እንደሚመጣ፣ የት እንደሚያያቸው፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ማን እንደሚከፍል፣ ልጁ በሌሊት ቢታመም ማን ለማን እንደሚነግር አይጻፍም። ለብረት ድስት ያደረግነውን ጥንቃቄ ለልጅ መንፈጋችን ሊያሳስበን ይገባል።

«ይህ ነገር ከተማሪ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ከመካከላችን ወላጆቻቸው የተለያዩባቸው አሉ፤ ነገ ትዳር የምንይዘውም እኛው ነን። ከዚህም ሌላ ፊደል ቆጥረዋል ተብለን በየሰፈራችን የሽምግልናውን ወረቀት እንድንጽፍ የምንጠራው እኛ ነን። ስለዚህ ሕጉ ምን እንደሚልና በወረቀቱ ላይ ምን መጻፍ እንደሚገባ ማወቅ ግዴታችን ነው።

አስቀድመን ሕጉን እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ ለቤተ ዘመድ ሽማግሎች ዳኝነት ሰጥቶ ነበር። ስለ ልጆችም በቁጥር 681 የእነርሱ ጥቅም ብቻ እንዲታይ አዝዞ፣ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር እስከ አምስት ዓመት ዕድሜያቸው ከእናታቸው ጋር እንዲቆዩ ደንግጎ ነበር። ለንጽጽር ያህል፣ በእንግሊዝ አገር እናት ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ልጆቿን ለማሳደግ ለዳኛ ማመልከት እንድትችል ሕግ የወጣላት በ1839 እ.ኤ.አ. ነው።

ከዚያ በኋላ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በፍቺ ጊዜም እኩል መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ ልጅ ወላጆቹን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት እንዳለው፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መሆኑን ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) ሲወጣ ጋብቻን በፍቺ የማፍረሱ ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ሆነ፤ ሽማግሎችም የማስታረቅ ሥራ ቀረላቸው። የአምስት ዓመቱም ወሰን አልተደገመም። በአንቀጽ 113 መሠረት ዳኛው ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸው፣ ጤናቸውና ቀለባቸው እንዴት እንደሚሆን፣ ከሌላው ወላጅ ጋርም እንዴት እንደሚገናኙ አብሮ ይወስናል። ይህንንም ሲያደርግ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ይመለከታል።

የልጅ ጥቅም የሚለው ቃል ለጌጥ የገባ አይደለም። በጥቅምት 2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነው ጉዳይ ይህንኑ ያስረዳል። እናቱ የሞተችበትንና አክስቱ ያሳደገችውን ልጅ አባቱ ልረከብ ብሎ በበታች ፍርድ ቤቶች ረትቶ ነበር። ሰበር ችሎቱ ግን ሕገ መንግሥቱንና ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ፣ አባት መሆን ብቻውን እንደማይበቃና የልጁ ጥቅም እንደሚቀድም አስታውቆ ፍርዱን ሻረው።

እንግዲህ ወደ ስምምነቱ እንምጣ። በአሜሪካ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ የሚፋቱ ወላጆች የልጅ አስተዳደግ ዕቅድ በጽሑፍ እንዲያቀርቡ አድርጓል። የእኛም ሕግ በአንቀጽ 77 በስምምነት የሚፋቱ ተጋቢዎች ስለ ፍቺው ውጤት የተስማሙበትን ለፍርድ ቤት እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። ስለዚህ ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ባዕድ ነገር ነው አያሰኝም።

ለምሳሌ እከሌና እከሊት አስኮ ሲኖሩ ቆይተው ሊለያዩ ነው እንበል። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አሏቸው። እናት እዚያው አስኮ ትቀራለች፤ አባት ቡራዩ ቤት ተከራይቷል። በወረቀቱ ላይ የሚከተለው ሊሰፍር ይገባል እንላለን።

አንደኛ፤ ቀንና ሰዓት። ትልቋ የምትማረው አስኮ ስለሆነ በትምህርት ቀን ከእናቷ ጋር ትሁን፤ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከትምህርት ቤት እስከ እሑድ ማታ ከአባቷ ዘንድ ትቆይ። ትንሹ ግን ሁለት ሳምንት ያላየውን ሰው ሊርቀው ይችላልና፣ አባቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለጥቂት ሰዓት ቢያየው ይሻላል። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ፣ ለእስላሙም ቤተሰብ ዒዶቹ፣ አንድ ዓመት ከእናት አንድ ዓመት ከአባት ይከበሩ። የክረምቱም ዕረፍት ይከፈል።

ሁለተኛ፤ መረካከቢያ። ጠቡ በተነሣበት ደጃፍ ላይ ባይሆን ይመረጣል። የትምህርት ቤቱ በር ወይም የአያት ቤት ይሁን፤ ልጆቹን በታክሲ ማን እንደሚያመጣ፣ ማን እንደሚመልስም ይጻፍ።

ሦስተኛ፤ ገንዘብ። ቀለቡ ስንት እንደሆነ፣ ወር በገባ በስንተኛው ቀን በባንክ እንደሚገባ፣ የደብተርና የመድኃኒት ወጪ እንዴት እንደሚካፈል ይወሰን። ቀለብ ልጅን የማያ ዋጋ አይደለም። አባት ባይከፍል እናት ልጁን መከልከል የለባትም፤ እናት ብትከለክልም አባት ቀለቡን ማቋረጥ የለበትም። ሁለቱም ቢሆኑ አቤቱታቸውን ለዳኛ ያቅርቡ እንጂ በልጁ ሆድና ፍቅር አይካካሱ።

አራተኛ፤ ታላላቅ ውሳኔዎች። ትምህርት ቤት መለወጥ፣ ከባድ ሕክምና፣ የሃይማኖት ነገር፣ ወደ ውጭ አገር መሄድ ሁለቱም ሳይመክሩበት አይደረግ። ከሁለቱ አንዳቸው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ቢሄዱ ልጁ ከማን ጋር እንደሚሆን አስቀድሞ ይታሰብ። የልደት ምስክር ወረቀቱና የክትባት ካርዱ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥም ይታወቅ።

አምስተኛ፤ አንደበት። ልጅ መልእክተኛም ሰላይም አይደለም። «አባትህ ማንን አገባ? እናትሽ ከማን ጋር ዋለች?» ተብሎ አይጠየቅ።

ስድስተኛ፤ ማሻሻያ። ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ነገ ሰባት ይሆናል። ስለዚህ በየዓመቱ ነሐሴ ወር፣ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ ስምምነቱ እንደገና ይታይ። ካልተስማሙ በስም የተጠቀሱ ሁለት ሽማግሎች ይነጋገሩበት፤ ያም ካልሆነ ሁኔታ ሲለወጥ ውሳኔውን እንዲያሻሽል ፍርድ ቤቱን መጠየቅ በዚያው በአንቀጽ 113 የተፈቀደ ነው።

ስምምነቱ በሳጥን ተቆልፎ ከቀረ ግን ወረቀት ብቻ ነው። ለፍርድ ቤት ቀርቦ ሲጸድቅ አስገዳጅ ይሆናል፤ ዳኛውም የልጆቹ ጥቅም በሚገባ ያልተጠበቀ መስሎ ከታየው ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን ያቃናል። አስኮን በመሰለ ዳርቻ ሰፈር አንድ ተጨማሪ ነገር መታወቅ አለበት። በአስኮ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ በአምቦ መንገድ ጥቂት ተጉዘን ቡራዩ ስንደርስ ግን የኦሮሚያ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። የአማራም ክልል በ1995 ዓ.ም. የራሱን አውጥቷል። ስለሆነም ስምምነቱን የትኛው ፍርድ ቤት እንዳጸደቀው ይገለጽ፤ ግልባጩም በሁለቱም ወላጆች እጅ ይኑር።

ሁለት ተቃውሞ ሊቀርብብን ይችላል። የመጀመሪያው፣ ይህን ማስተማር ፍቺን ማበረታታት ነው የሚል ነው። መልሳችን አጭር ነው፤ ሕጉ ራሱ የሚፋቱት እንዲያስቡበት እስከ ሦስት ወር ጊዜ ሊሰጣቸው ይፈቅዳል፤ የሚታረቅ ቢታረቅ ደስታችን ነው። የማይታረቀው ግን ልጁን ከነዕዳው ጥሎ አይሂድ። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ከባድ ነው። ድብደባ ባለበት ቤት መስማማት ከየት ይመጣል? እውነት ነው። የተፈራ ሰው ተስማማ አይባልም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሽማግሌ «ቻይው» ብሎ ማስፈረም የለበትም፤ ነገሩ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ቀርቦ አስቀድሞ የእናትና የልጆች ደኅንነት ይጠበቅ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወሳል ይባላል። የሽምግልና ወረቀት እንድንጽፍ ስንጠራ እንግዲህ ከንብረቱ ዝርዝር በፊት ሁለት ጥያቄ እናንሣ፤ ልጆቹ ሰኞ ጠዋት ከማን ቤት ይነሣሉ? የዚህ ወር ቀለባቸውስ በስንተኛው ቀን ይደርሳል? ለእነዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ሳይጻፍ ወረቀቱ አልቋል ብለን ብዕራችንን አንክደን።